ኬዛችሁን ማን ይያዝላችሁ? ጠበቃ፣ ፓራሊጋል፣ ፈቃድ ያለው ተወካይ ወይስ ፎርም የሚሞላ ሰው

አሜሪካ የገባ ሐበሻ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ጎበዝ ሰው አውቃለሁ፣ እሱ ይሠራልሃል» የሚል ነው። ጎበዝ የተባለው ሰው አንዳንዴ ጠበቃ ነው። አንዳንዴ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ታክስ የሚሠራ፣ ትኬት የሚቆርጥ፣ በጎን ፎርም የሚሞላ ነው። ምክር ሰጪው ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል፤ አይፈረድበትም። ኢሚግሬሽን ግን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል።

እንጀራዬ በዚሁ ሥራ ላይ ነው፤ ፓራሊጋል፣ ማለትም በጠበቃ ሥር የምሠራ ረዳት ነኝ። ሰው ሲመርጥ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ዋጋ፣ ቋንቋና ስልክ ማንሳት። ሦስቱም ይጠቅማሉ። ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ነገሩ ቢበላሽ በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

ሕጉ የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው

በአሜሪካ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠትና ሰው ወክሎ መቅረብ የሚችሉት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ፈቃዱ ያልታገደ ጠበቃ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቴክሳስ የሚኖር ሰው ኬዝም መያዝ ይችላል። ሁለተኛው የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው ተወካይ ነው፤ አክሬዲትድ ሪፕረዘንታቲቭ ይሉታል። ይህ ሰው ጠበቃ ባይሆንም እውቅና ባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ ይሠራል።

እነዚህ ሁለቱ ኬዝ ሲይዙ ጂ-28 የሚባል ፎርም ፈርመው ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ. (የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት) የሚጽፈው ደብዳቤ ለእነሱም ይደርሳል። ኢንተርቪው ላይም አጠገባችሁ ይቀመጣሉ። ስለዚህ «ኬዝህን ይዤልሃለሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጂ-28 ፈርሞ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ተቀበሉ። ካልፈረመ ፋይላችሁ ላይ የለም። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ታሪካችሁን ጽፎ፣ ፎቶ ለጥፎ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ዓይን ግን ሁሉንም ያደረጋችሁት እናንተው ብቻችሁን ናችሁ።

ፓራሊጋል፦ አብዛኛውን ሰዓት የምታሳልፉት ከሱ ጋር ነው

ጠበቃ ቢሮ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚያናግራችሁ፣ ሰነድ የሚሰበስበው፣ ትርጉሙን የሚያዘጋጀው፣ ፎርሙን የሚሞላው፣ ቀነ ገደብ የሚከታተለው ፓራሊጋሉ ነው። ጠበቃው መንገዱን ይመርጣል፣ ምክር ይሰጣል፣ ይፈርማል፣ ይከራከራል። «አሳይለም (ጥገኝነት) ይሻልሃል ወይስ በሚስትህ በኩል?» የሚለውን መመለስ የጠበቃው ሥራ ነው። ፓራሊጋሉ መልሱን ቢያውቀውም እንኳ በራሱ ስም መስጠት የለበትም።

ፓራሊጋል ለመሆን የፌዴራል ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የፓራሊጋል ሰርተፊኬት ይዟል። ሌላዋ ዲግሪዋን ጨርሳ እንደ ናላ ያለ የሙያ ማኅበር የሚሰጠውን ፈተና አልፋለች። ሌላው በአስተርጓሚነት ጀምሮ ሥራውን በሥራ ላይ ተምሮታል። ከእኛ ሰዎች መካከል አገር ቤት ጠበቃ ወይም ዳኛ የነበሩም አሉ። ያ እውቀት በጣም ይረዳል፤ ማስረጃ ማየት፣ ታሪክ ማደራጀት ያውቁበታል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ጥብቅና ፈቃድ እዚህ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ባር የሚባለውን የጥብቅና ፈተና አልፎ ፈቃድ እስካላወጣ ድረስ፣ በልደታ ፍርድ ቤት ሃያ ዓመት የቆመ ሰውም እዚህ ፓራሊጋል ነው። ይህን ስል ክብራቸውን ዝቅ ማድረጌ አይደለም። እነሱም ራሳቸው በግልጽ ሊነግሯችሁ ይገባል።

ታዲያ ቋንቋችሁን የሚያውቅ ፓራሊጋል ምን ይጨምራል? በምሳሌ ላሳያችሁ።

አንድ ሰው ለአሳይለም ታሪኩን ሲናገር «ታኅሣሥ 2009 ላይ ታሰርኩ» ይላል። በፈረንጅ 2016 ነው ወይስ 2017? እንደ ቀኑ ይለያያል። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 22 ከሆነ ገና ዲሴምበር 31፣ 2016 ነው። ታኅሣሥ 23 ከሆነ ጃንዋሪ 1፣ 2017 ሆኗል። ዝም ብሎ ሰባት የሚደምር ሰው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት ይስታል፤ ስምንት የሚደምርም ከዚያ በፊት ባለው እንደዚሁ። ከዚያ «የካቲት ላይ ተፈታሁ» ሲል እሱንም ሰባት ደምሮ 2016 ያደርገዋል። ሰውየው ከመታሰሩ በፊት የተፈታ ይመስላል። ሰዓቱም አለ። «ሌሊት ስምንት ሰዓት መጥተው ወሰዱኝ» ያለውን ከማታው ስምንት ሰዓት ብሎ የሚጽፍ አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው። ኢንተርቪው ላይ መርማሪዋ ስትጠይቅ ሰውየው እውነቱን ይናገራል፣ ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። ውሸታም የሚባለው ወረቀቱ አይደለም።

ጥሩ ፓራሊጋል ዲክላሬሽኑ (ፈርማችሁ የምትሰጡት የታሪካችሁ ጽሑፍ) ላይ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሰፍራል። ከመፈረሙ በፊት መላውን ጽሑፍ መልሶ በአማርኛ ያነብላችኋል። እናንተም «ይሄ እንዲህ አይደለም» ትላላችሁ፣ ይታረማል። ይህ ብዙ ሰዓት ይበላል። መብላትም አለበት።

ስምም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት የየአባታቸው ስም ስላላቸው የመጨረሻ ስማቸው አይገጥምም። የልጁ ደግሞ የአባቱ ስም ነው። አንዱ ሰነድ ላይ በአባት ስም፣ ሌላው ላይ በአያት ስም የተመዘገበ ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ላይ የክርስትና ስም ሊገባ ይችላል፤ ፓስፖርቱ የማያውቀው ስም ማለት ነው። ይህን ሁሉ «የተጠቀሙባቸው ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ መሙላትና ልማዱን በአጭር ደብዳቤ ማስረዳት ወራት የሚፈጅ ጥያቄ ያስቀራል። አማርኛ የማይችል ጎበዝ ጠበቃ ይህን ላያየው ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ጠበቃና ጥሩ ሐበሻ ፓራሊጋል አንድ ላይ ሲገኙ እኔ ከየትኛውም አማራጭ የማስበልጠው።

ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውል ያዋዋላችሁ፣ ዋጋ የቆረጠላችሁ፣ ምን እንደምትጠይቁ የወሰነላችሁ ፓራሊጋሉ ከሆነና ጠበቃውን አንድም ቀን ካላያችሁት፣ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ናችሁ ለማለት ይከብዳል። ጠበቃ በሥሩ ያሉትን ሰዎች የመቆጣጠር ግዴታ አለበት፤ ፊርማውን አከራይቶ መቀመጥ አይችልም። በካሊፎርኒያ ሕግ ፓራሊጋል በጠበቃ ቁጥጥር ሥር ካልሆነ ለሕዝብ በቀጥታ አገልግሎት መስጠት ክልክል ነው። «እኔ በግሌ በርካሽ እሠራልሃለሁ፣ ለቢሮው አትንገር» የሚል ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ።

ፈቃድ ያለው ተወካይ፦ የተረሳው አማራጭ

የእኛ ሰው ይህን መንገድ ብዙም አያውቀውም። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። ከፊል ፈቃድ ያለው በዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ. ፊት ብቻ ይወክላችኋል፤ ግሪን ካርድ፣ ሲትዝንሺፕ፣ የአሳይለም ኢንተርቪው የመሳሰሉትን። ሙሉ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ኮርትና ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ፊትም ይቆማል። ፈቃዱ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ሲያትል አካባቢ ኖርዝዌስት ኢሚግራንት ራይትስ ፕሮጀክት፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አዩዳና ካቶሊክ ቻሪቲስ በዚህ ዘርፍ የታወቁ ድርጅቶች ናቸው። ክፍያቸው ዝቅተኛ ነው፣ አንዳንዱ አገልግሎት ነፃ ነው።

ችግሩ ወረፋ ነው። ገቢያችሁንም ያያሉ፣ የማይቀበሉት የኬዝ ዓይነትም አለ። ኮርት ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት የሆነ ሰው እዚያ ተስፋ ጥሎ ብቻውን መጠበቅ የለበትም። ጊዜ ያለው ሰው ግን መጀመሪያ እነሱ ጋ ይደውል።

ለሥራው ፍላጎት ላላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር። ፓራሊጋል ሆናችሁ ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ፣ እውቅና ያለው ድርጅት ከቀጠራችሁና ካመለከተላችሁ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ሳትገቡ በራሳችሁ ስም ሰው መወከል የምትችሉበት መንገድ ይኸው ነው። ፈቃዱ ከድርጅቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ድርጅቱን ለቃችሁ የግል ቢሮ ልትከፍቱበት አትችሉም።

ፎርም የሚሞሉ ሰዎችና «ኖታሪ»

አገር ቤት ሰነድ የሚያረጋግጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ ግርማ አለው። ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የሚጽፍልን ሰውም ሕግ ያውቃል ብለን እናምነዋለን። ያንን እምነት ይዘን እንመጣና «ኖታሪ ፐብሊክ» የሚል ታፔላ ስናይ የሕግ ሰው ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ኖታሪ ፊርማችሁን አይቶ የሚመሰክር ሰው ነው። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለውም።

ፎርም የሚሞላ ሰው በሕግ የሚፈቀድለት የነገራችሁትን መጻፍ፣ መተርጎም፣ ኮፒ ማድረግ፣ መላክ ነው። ካሊፎርኒያ እንዲህ ያሉ ሰዎች የ100,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙና ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ ውል እንዲሰጡ ታስገድዳለች። የትኛውን ፎርም እንደምትሞሉ ከመረጠላችሁ፣ «ይሄን አትናገር፣ እንዲህ በል» ካላችሁ፣ ያለፈቃድ ጥብቅና እየሠራ ነው።

ሁሉም ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሽማግሌ እናቶችን በነፃ የሚረዱ ቅን ሰዎች አሉ። ነገር ግን ቅንነት ሕግ አያስጥስም፣ ስህተትንም አያርምም። ፎርሙ መጨረሻ ላይ ያዘጋጀው ሰው የሚፈርምበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ለመፈረም እምቢ ካለ፣ የሠራውን ራሱ አያምንበትም።

ከሁሉ የከፋው የተዘጋጀ የአሳይለም ታሪክ የሚሸጡት ናቸው። አንዱን ታሪክ ስም ቀይረው ለብዙ ሰው ይሰጣሉ። የአሳይለም መኮንኖች ፋይል ሲያነቡ ነው የሚውሉት፤ ተመሳሳይ አንቀጽ አይጠፋቸውም። እያወቀ ሐሰተኛ የአሳይለም ማመልከቻ አስገብቷል የተባለ ሰው ለሕይወቱ በሙሉ ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊታገድ ይችላል። በኋላ ቢያገባ፣ ልጅ ቢወልድ አይነሳለትም። ሌላው የሚያስቆጨኝ፣ በእውነት የተሰቃየ ሰው የራሱን ታሪክ «ደካማ ነው» ተብሎ የሰው ታሪክ ሲሰጠው ነው።

ዲቪም ላይ ይኸው ነገር አለ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁ ዲቪ ሲያስሞሉ ማረጋገጫ ቁጥሩን ራሳቸው ይያዙት። ቁጥሩን ይዞ፣ ዕጣው ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቅ አለ። ባልን፣ ሚስትን ወይም ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅን ሳያስገቡ መሙላትም ዕድሉን ያስነጥቃል።

ራሳችሁ ብትሠሩትስ?

ለአንዳንዱ ነገር ማንም አያስፈልጋችሁም። የግሪን ካርድ እድሳት፣ የወርክ ፐርሚት እድሳት፣ አድራሻ መቀየር። ሲትዝንሺፕም ታሪኩ ንጹሕ ለሆነ ሰው ይቻላል። ከኤፕሪል 1፣ 2024 በኋላ የሲትዝንሺፕ ማመልከቻው፣ የኤን-400 ክፍያ በኦንላይን 710 ዶላር፣ በወረቀት 760 ዶላር ሆኗል። ከመክፈላችሁ በፊት የዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ.ን ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ ከ2025 ወዲህ ክፍያውም ደንቡም ብዙ ተቀያይሯል። ነፃ የነበረው የአሳይለም ማመልከቻ እንኳ በ2025 በወጣ ሕግ ክፍያ ተጥሎበታል።

ወላጆቻችሁን ለሲትዝንሺፕ ስታዘጋጁ ዕድሜያቸውን ቁጠሩ። 50 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው እንግሊዝኛ ሳይፈተን የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ መመለስ ይችላል። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም።

ታስሮ የሚያውቅ፣ ከስድስት ወር በላይ ከአገር ወጥቶ የቆየ ወይም ድሮ ባስገባው ማመልከቻ ላይ የተሳሳተ ነገር ያለበት ሰው ግን ኤን-400ን ብቻውን እንዳይነካው። ሲትዝንሺፕ ስታመለክቱ ድሮ የገባው ፋይል በሙሉ ይከፈታል።

እንደ ኬዙ ዓይነት የእኔ ምርጫ

ኮርት ያለበት ሰው፦ ጠበቃ፣ ወይም ሙሉ ፈቃድ ያለው ተወካይ። ሌላ አማራጭ አላስብም። መንግሥት በጠበቃ ነው የሚከራከረው፤ ለእናንተ ግን ጠበቃ አይመድብም።

አሳይለም፦ ጠበቃ ከአማርኛ ተናጋሪ ፓራሊጋል ጋር፣ ወይም ድርጅት። ማመልከቻው አሜሪካ ከገባችሁ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ልዩ ምክንያት ካልኖረ በቀር። «እስኪ ልረጋጋ» ሲሉ ዓመቱ ያለፈባቸው አሉ። አሳይለም ኦፊስ ለኢንተርቪው አስተርጓሚ የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ ወኪላችሁ ራሱ አስተርጓሚ መሆን አይችልም። ኮርት ላይ ግን አስተርጓሚውን ኮርቱ ያቀርባል።

ጋብቻ፦ በቪዛ የገባ፣ ጸጥ ያለ ታሪክ ያለው ባልና ሚስት በድርጅት ወይም በመጠነኛ የጠበቃ እርዳታ ይጨርሳል። በሜክሲኮ ድንበር የገባ ሰው ግን አሜሪካዊት ቢያገባም እዚሁ ሆኖ ግሪን ካርድ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። እሱ ጠበቃ ይያዝ።

ካናዳ ወይም እንግሊዝ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ካናዳ ውስጥ ጠበቃ ያልሆኑ፣ ግን በሕግ ፈቃድ የተሰጣቸው የኢሚግሬሽን አማካሪዎች አሉ። እንግሊዝም ፈቃድ የሚሰጥ የራሷ ተቆጣጣሪ አላት። ሁለቱም የባለፈቃዶቹን መዝገብ ኦንላይን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። የአሜሪካውን ደንብ እዚያ አትውሰዱ፣ የእነሱንም እዚህ አታምጡ።

ከመፈረም በፊት

የጠበቃውን ስም በስቴቱ ባር (የጠበቆች ተቆጣጣሪ) ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ ፈቃዱና የቅጣት ታሪኩ ይወጣል። ተወካይ ከሆነ የፍትሕ ሚኒስቴር የኢሚግሬሽን ኮርቶችን በሚያስተዳድረው ክፍል ድረ ገጽ ላይ በየስቴቱ የስም ዝርዝር አለ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቢሮ ስትገቡ ጠበቃውን ራሱን አናግሩ፣ በአስተርጓሚም ቢሆን። ዋጋው ምን እንደሚጨምር ጠይቁ። ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ቢመጣ መልሱ በዚሁ ክፍያ ነው? ኢንተርቪው ላይ ማን ይሄዳል? የመንግሥት ክፍያው ተካቷል? ደረሰኝ ተቀበሉ። ባዶ ፎርም ላይ በጭራሽ አትፈርሙ። «በኤምባሲ ሰው አለኝ፣ ውጤቱ እርግጠኛ ነው» የሚል ሰው ይዋሻል። ዋናውን ፓስፖርታችሁንና ሰርተፊኬታችሁን ቢሮ አትተዉ፤ ኮፒ ይበቃቸዋል።

መጥፎ እጅ ላይ ከወደቃችሁ

አስቀድሞ ኬዛችሁን የያዘው ሰው እንደማይሆን አሁን ከገባችሁ፣ ፋይላችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ጠበቃ ክፍያ ባይጠናቀቅለትም ወረቀታችሁን እንዳሻው ይዞ መቅረት አይችልም። እምቢ ካለ ወይም ከጠፋ ከዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ. በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት የፋይላችሁን ቅጂ መጠየቅ ትችላላችሁ። በስማችሁ የገባው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ አዲሱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገውም እሱን ነው።

ጠበቃ በስህተቱ ኬዛችሁን ካበላሸ የታወቀ መንገድ አለ። ሎዛዳ በሚባለው የ1988 ውሳኔ መሠረት ሦስት ነገር ይጠበቅባችኋል። ምን ተስማምታችሁ ምን እንዳልሠራ በመሐላ መጻፍ፣ ለጠበቃው አሳውቆ መልስ እንዲሰጥ ዕድል መስጠት፣ ለባር አቤት ማለት ወይም ያላላችሁበትን ምክንያት ማስረዳት። የተዘጋ ኬዝ ይከፈትልኝ ማለት ደግሞ በአብዛኛው ከመጨረሻው ውሳኔ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ሲያበላሽባችሁ ይህ መንገድ በጣም ይጠባል፤ ምክንያቱም ልትከሱበት የምትችሉት ባር የለም።

አዲስ ሰው እስክታገኙ ድረስ ሁለት ነገር አይቆይ። ቤት ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ.፣ ኮርት ካላችሁ ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለኮርቱ አዲሱን አድራሻ አሳውቁ። ለአንዱ ማሳወቅ ለሌላው አያገለግልም። የኮርት ቀጠሮ ደብዳቤው የድሮ ቤት ሄዶ ያልቀረበ ሰው ሳይሰማ እንዲባረር ሊወሰንበት ይችላል። ቀጠሮ ይኑራችሁ አይኑራችሁ ካላወቃችሁ ኤ-ነምበራችሁን (ኢሚግሬሽን የሰጣችሁን መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ወደ 1-800-898-7180 ደውሉ፤ የኢሚግሬሽን ኮርቶች የራሳቸው መስመር ነው፣ ቀኑን በነፃ ይነግራችኋል።